ወደ ኡኬ የሄዱ ሰዎች

የክረምት ሚኒባስ ሽታው አንድ ነው፤ እርጥብ ጃኬት፣ ናፍጣ፣ ከአንዱ ፌስታል ውስጥ የሚሸት የተጠበሰ በቆሎ። ባለፈው ነሐሴ ከነቀምቴ ወደ ኡኬ ስንወርድ ይኸው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለኝ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጄ ያብሲራ ከጎኔ ተቀምጦ ስልኬ ላይ ካርቱን ያያል። ካርቱኑን እኔ አስቀድሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። ልጆች በሚያዩትና በሚያነቡት ነገር ቀልድ አላውቅም፤ የባለቤቴ እህት እንዲያውም ስሜን ትታ «ሳንሱር» ነው የምትለኝ።

ያብሲራ ጭኑ ላይ በካልሲ የጠቀለላት መኪና አለች። አንድ ጎማዋ ወልቋል። ይዟት የመጣው አባባ እንዲሠራለት ነው። አባባ የሚለው አባቴን ነው፤ አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበር የልጁ መጫወቻ በተሰበረ ቁጥር የሚያድነው እሱ ነበር። ግንቦት ላይ ሞተ። በኑዛዜው መሠረት በተወለደበት በኡኬ ቀበርነው፤ ያን ቀን የምንሄደውም የመቃብሩ ድንጋይ ተሠርቶ አለቀ ተብለን ነው። በቀብሩ ሰሞን ያብሲራን የባለቤቴ እህት ወደ ሲሬ ከተማ ወስዳ አቆየችው። ሲጠይቃት ጊዜ «አባባ ኡኬ ሄዷል» አለችው። እኔም፣ ውሸት አይደለም ብዬ ዝም አልኩ። ግን አፍሬበታለሁ፤ ለሞተ ሰው «ኡኬ ሄደ» ማለት የተጀመረው በእኛ ቤት ነው፣ ምን እንዳመጣም አይቻለሁ።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ነው። በመንገዱ በኩል ያለችው ጠባብ ክፍል የአባቴ የሬዲዮ መጠገኛ ስትሆን ከኋላዋ ደግሞ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት ሰፊ ክፍል ነበረች፤ እሷ ቪዲዮ ቤቱ ናት። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዝናቡ ሲገባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ በር ላይ ይኮለኮላል። ወላጆች ደግሞ ቪዲዮ ልጆቻችንን አበላሸ ብለው ያማርራሉ፤ ከሁሉም በላይ የምታማርረው የገዛ እናቴ ነበረች።

እናቴ የሸዋ ሰዎች ልጅ ናት፣ ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ታስተምራለች። ልጅ ክፉ ነገር ማየት የለበትም ካለች የለበትም ነው። ተረት ስታነብልን እንኳ ጅቡ አህያዋን አይበላትም፤ ደህና አደርሽ ብሏት ያልፋል። እኔ ጅብ እጅግ ጨዋ እንስሳ እንደሆነ አምኜ ነው ያደግሁት። ከአባቴ ጋር ብዙ ከተከራከሩ በኋላ እንዲህ ተስማሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ብቻ ይሁን፣ ፊልሙን እሷ ትምረጥ፣ መሳሳም አይታይ፣ ደም አይታይ፣ ሞት የሚባል ነገርም አይነሳ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ካሴት ግን የካራቴና የህንድ ብቻ ነበር።

ስለዚህ እናቴ ፎጣ ይዛ ከቴሌቪዥኑ ጎን መቀመጥ ጀመረች። ሙዚቃው ለስለስ ብሎ ወንዱና ሴቷ ሲጠጋጉ ፎጣውን ቴሌቪዥኑ ላይ ትጥለዋለች። ጉዳዩ አለፈ ስትል ታነሳዋለች። እኔ ቴሌቪዥኑ አልቦት የምታደርቀው ይመስለኝ ነበር። ሙዚቃ ሲበዛበት የሚያልበው መስሎኝ፣ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ላይ ለስላሳ ዘፈን ሲመጣ ፎጣ ይዤ የሮጥኩበት ጊዜ አለ።

ሌላው ችግር ዝናቡ ነበር። የእኛን አገር ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚልህን አትሰማም። የፊልሙ ድምፅማ ቢሰማስ ማን ሊገባው። ስለዚህ አባቴ ከፊት ቆሞ፣ ጠመንጃ የያዘ ይመስል ብሎን መፍቻውን እያወዛወዘ፣ በጩኸት ይተርክልን ጀመር። አንዱን ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛ፣ ቀጣዩን በአማርኛ፣ ሲያሻው ሁለቱን ቀላቅሎ። ታሪኩን ግማሹን ከራሱ ነበር የሚፈጥረው። ሁለት ሰዎች በካራቴ ከተጣሉ የድንበር ክርክር ነው፤ ሴትዮዋ ካለቀሰች ሽንኩርት እየላጠች ነው። ካሴቱ ያው ሆኖ ታሪኩ በየሳምንቱ ይለያያል፣ እኛም ሌላ ፊልም ያየን ይመስለን ነበር።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ አንዱ ሰውዬ በጥይት ተመትቶ ከፈረስ ወደቀና ቀረ። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ማል ተኤ?» አሉ፣ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። አባቴ ወደ እናቴ አየ። እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችበት። እሱም ጉሮሮውን ጠረገና «ደከመውና ወደ ኡኬ ሄደ» አለ። ለምን ኡኬ እንዳለ በኋላ ስጠይቀው፣ ያን ዕለት ጠዋት ለኡኬው ወንድሙ ለአጎቴ ቶላሳ ሬዲዮ ልኮለት ስለነበር አፉ ላይ የመጣለት እሱ መሆኑን ነገረኝ።

ከዚያ ወዲያ በፊልም ውስጥ የወደቀ ሰው ሁሉ ኡኬ ሄደ። ከገደል የወደቀውም፣ በሰይፍ የተወጋውም፣ አልጋ ላይ ሆኖ ቤተሰቡ የከበበው ሽማግሌም። እኛም ለመድነውና ሰው በወደቀ ቁጥር አባቴን ሳንጠብቅ «ኡኬ ዴሜ!»፣ ኡኬ ሄደ፣ ብለን በአንድነት እንጮሃለን። እናቴም ደስ አላት። ጎረቤቶቿን ጠርታ «አያችሁ፣ ማንም ሳይሞት ፊልም ይታያል» ስትላቸው ሰምቻለሁ።

እኔ ኡኬን አይቻት አላውቅም ነበር። ማንጎ የሚመጣው ከዚያ እንደሆነና ቆላ ስለሆነ ብርድ እንደሌለ ብቻ ነው የማውቀው። የደከመው ሰው ሁሉ እዚያ ሄዶ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያርፍ ይመስለኝ ነበር። ባለ ፈረሱም፣ ባለ ሰይፉም፣ ሽማግሌውም፣ ከአጎቴ ቶላሳ ጋር ሆነው።

የልብ ጓደኛዬ ቦንቱ ነበረች። ቤታቸው ከእኛ ቤት ሁለት አጥር ያልፋል። እናቷ አዴ ጫልቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከሚተርፋቸው ቁራጭ ጨርቅ ለሰፈሩ ሴት ልጆች አሻንጉሊት ይሠሩልናል። ጥቁር ክር ፀጉር፣ አበባ ቀሚስ፣ ድርብ ስፌት ያለው እጅ። ዓይን ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚተክሉላት። ለምን ብለን ስንነዘንዛቸው፣ ሳታልቅ ማየት ከጀመረች መርፌውን ትፈራለች ይሉን ነበር። እኔ ዛሬ ለልጆቼ ውድ ውድ መጫወቻ ገዝቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ በጉጉት የተጠበቀ አሻንጉሊት ግን አላየሁም።

በዚያ ክረምት አዴ ጫልቱ ታመሙ። መጀመሪያ ስፌት መኪናው ዝም አለ፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ገቡ ተባለ። ለቦንቱ የጀመሩላት አሻንጉሊት ዓይን ሳይኖራት መስኮቱ ላይ ቀረች።

አንድ ቅዳሜ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብለው የሰፈሩን ልጆች በሙሉ ወደ እኛ ቪዲዮ ቤት ሰበሰቡን። ቦንቱንም አክስቷ እጇን ይዛ አመጣቻት። እናቴ የለችም፤ ፎጣው ብቻ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ካሴቱን አስገባ። ያን ቀን እንደጮኸ ጮኾ አያውቅም። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ ድምፁን አልቀነሰም፤ ስንጥቅጥቅ እያለ ይጮኻል። እኔ ፊልሙ ጥሩ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር። አሁን ነው የሚገባኝ፣ ከሁለት አጥር ወዲያ የሚለቀሰውን ለቅሶ ቦንቱ እንዳትሰማ ነበር የሚጮኸው።

መሐል ላይ አንዱ ሰውዬ ከድልድይ ወደቀ። እኛ አባቴን ቀደምነው፤ ኡኬ ዴሜ ብለን ጮኽን። ቦንቱ አልጮኸችም። ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ አክስቷ እናትሽ ሩቅ አገር ሄዳለች እንዳለቻት ነገረችኝ። ደክሟት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። በጣም ደክሟት ነበር አለች። እኔ የማውቀውን በማወቄ እየኮራሁ፣ እንግዲያው ሩቅ አይደለም፣ ኡኬ ናት አልኳት። ፊቷ ሲበራ አየሁ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ መልሼ ብውጠው የምለው እሱን ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ቦንቱ አሻንጉሊቷን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ኡኬ ሄደን እናቷ ዓይኗን እንድትተክልላት ነው። ነገሩ ለእኔም ግልጽ ነበር፤ ሰው አረፍ ካለ ዓይን ለመትከል ምን ይቸግረዋል። እናቴ ገበያ ነበረች፣ አባቴ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ላይ አቀርቅሯል። በጓሮ በኩል ወጥተን እጅ ለእጅ ተያይዘን መናኸሪያ ሄድን። «ኡኬ፣ ኡኬ» የሚል ሰው ሰማንና እሱ የሚጠራላት ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። መኪናዋ ያኔም ይኸው ሽታ ነበራት፣ እርጥብ ልብስ፣ ናፍጣ፣ የተጠበሰ በቆሎ።

አጠገባችን ዶሮ የታቀፉ አንዲት እናት ነበሩ። ከማን ጋር ናችሁ አሉን። ወደ እናቷ ነው የምንሄደው አልኳቸው። እናቷ የት ናቸው ሲሉ ቦንቱ ራሷ «ኡኬ» አለች። የምትቀበለን ሰው አለች ብለው ነው መሰል፣ እንዳይበርደን ብለው በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑን። መኪናዋ ሞላች። ሹፌሩ ቆጥሮን ሊያልፍ ሲል ወደ እኔ አተኩሮ አየ፤ ሬዲዮው አባቴ ጋ ለጥገና ከርሞ ስለነበር ያውቀኛል። አንቺ የኦቦ ታሪኩ ልጅ አይደለሽም እንዴ አለ። ወርዶ ወደ አባቴ ሰው ላከ።

አባቴ ዝናቡ እየወረደበት ያለ ጃንጥላ እየሮጠ መጣ፤ ብሎን መፍቻው ኪሱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከጎናችን ገብቶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ጠረገ። ቦንቱ አሻንጉሊቷን ከሻሹ አውጥታ አሳየችው።

«ኦቦ ታሪኩ፣ አዮ ኡኬ የት ሰፈር ነው ያለችው?» አለችው፤ አዮ የምትላት እናቷን ነው።

ሹፌሩ ሞተር ሊያስነሳ ሲል አባቴ ትንሽ እንዲቆይለት በእጁ ለመነው። መዋሸት የዚያን ሰዓት ያህል ቀሎ አያውቅም። እናትሽ ገበያ ወጥታለች፣ ሲመሽ እንመጣለን፣ ነገ እንሄዳለን ማለት ይችል ነበር። እኔም የፈለግሁት እንዲያ እንዲል ነበር፤ ፊቱን አይቼ ፈርቻለሁ።

«ቦንቱ፣ እኔ ዋሽቻችኋለሁ» አላት በኦሮምኛ። «ፊልም ውስጥ የሚወድቁት ሰዎች ኡኬ አልሄዱም። ሞተዋል። እናትሽም ኡኬ የለችም። ሞታለች። አትመለስም።»

ቦንቱ ወዲያው አላለቀሰችም። እንግዲያው ኡኬ የሚባል አገር የለም ወይ ብላ ጠየቀችው። አባቴ አለ አላት፤ ወንድሙ ቶላሳ እዚያ እንደሚኖር፣ ማንጎም እንዳለ፣ አንድ ቀን እንደሚወስዳት፣ ግን እናቷን እዚያ እንደማታገኛት ነገራት። አሻንጉሊቷን ጭኗ ላይ አስተኛቻት።

«እሷንስ ማን ይጨርሳታል?»

«እኔ መርፌ አላውቅም» አላት አባቴ። «ግን እሞክራለሁ።»

ያኔ አለቀሰች። ባለ ዶሮዋ እናት ዶሮዎቹን ለሌላ ሰው ሰጥተው አቀፏት፤ እሳቸውም አለቀሱ። ማንም ረፈደብን አላለም። አባቴ እሷን ታቅፎ፣ እኔን በእጁ ይዞ በዝናብ ወደ ቤት መለሰን። ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴ ሲያለቅስ አየሁ፤ ዝናብ ነው ሊለኝ ይችል ነበር፣ ያን ቀን ግን ውሸት ጠልቶ ነበር መሰል ምንም አላለም።

እናቴ ስትሰማ በጣም ተቆጣች። በሰው ልጅ ላይ፣ በዚያ ላይ ሕፃን፣ አባት እያላት አንተ ምን ቤት ነህ አለችው። ማምሻውን የቦንቱ አባት መጣ። ሊጣላ የመጣ መስሎኝ ከመጋረጃው ኋላ ተደበቅሁ። ወንበር ቀርቦለት ተቀመጠ፣ ሻይ ቢሰጡት አልጠጣም። መሬት መሬቱን እያየ «እኔ አቅቶኝ ነበር፣ ታሪኩ» አለ። እናቴም ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳችም።

አባቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከአሻንጉሊቷ ጋር ታገለ። የያዘው መርፌ የሬዲዮ ቆዳ ማኅደር የሚሰፋበት ወፍራም መርፌ ነበር። ጣቱን እየወጋ እናቴን ግን እንድታግዘው አልፈቀደም፣ እሞክራለሁ ያልኩት እኔ ነኝ ብሎ። በመጨረሻ አንዱ ዓይኗ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሌላው የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ሆነ። አስቀያሚ ነበረች። ቦንቱ ትክ ብላ አየቻት፣ ከዚያም ድምፅ መጨመሪያውን በጣቷ ትንሽ አዞረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሻንጉሊቷ ጋር በሹክሹክታ መነጋገር ስትፈልግ ወደ ግራ ታዞረዋለች።

ቅዳሜ ሲደርስ ፊልም መኖሩን ማንም እርግጠኛ አልነበረም። አባቴ ግን በሩን ከፈተ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ቦንቱ ከፊት ወንበር አሻንጉሊቷን ይዛ ተቀምጣለች፣ እናቴ ፎጣዋን ይዛ ከቴሌቪዥኑ ጎን ናት። ግማሽ ያህል እንደሄደ አንዱ ሰውዬ ተመትቶ ወደቀ። ልጆቹ እንደለመዱት «ኡኬ ዴሜ!» አሉ። አባቴ ዴኩን አቆመው። ከዝናቡ በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ህን ዴምኔ» አለ፤ «አልሄደም። ዱኤ። ሞቷል። አሁን ቤተሰቦቹ ያለቅሳሉ፣ ጎረቤት መጥቶ አብሯቸው ይቀመጣል።»

እናቴን አየኋት። ፎጣው እጇ ላይ ነበር፤ አልጣለችውም። ተነስታ ወደ ፊት ወንበር ሄደችና ቦንቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ በፎጣውም ትከሻዋን ሸፈነችላት። አባቴ ዴኩን መልሶ አስነሳው። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቪዲዮ ቤት የሞተ ሰው ሞተ ነው የሚባለው። የመሳሳሙን ነገር ግን እናቴ እስከ መጨረሻው አልለቀቀችም፤ እኔም በዚያ ከእሷ ጋር ነኝ።

ዛሬ የልጆቼን ካርቱን አስቀድሜ ሳይ፣ መጽሐፋቸውን ሳገላብጥ፣ የእናቴን ፎጣ እንደያዝኩ አውቃለሁ፤ አላፍርበትም። ልጅ ሁሉን ማየት የለበትም። ነገር ግን ፎጣው ለቴሌቪዥን ነው፣ ለቤታችን ለቅሶ አይደለም። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በአባቴ ላይ ፎጣ ጥዬበት ነበር።

ሚኒባሷ ቁልቁለቱን ጨርሳ ሙቀቱ ሲመጣ ያብሲራ ጃኬቱን አወለቀ። ስልኩን መለሰልኝና መኪናዋን ከካልሲው ማውጣት ጀመረ። አባባ መናኸሪያው ላይ ይጠብቀን እንደሆነ ጠየቀኝ። አባቴ ያን ዕለት እንዴት እንደቻለ አላውቅም፤ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ሆኖ እንኳ ከበደኝ።

«አይጠብቀንም» አልኩት። «አባባ ሞቷል፣ የኔ ልጅ። ግንቦት ላይ ነው የሞተው። ኡኬ ሄዷል የተባልከው እዚያ ስለተቀበረ ነው። መቃብሩን አሳይሃለሁ። አይመለስም። ቶሎ ስላልነገርኩህ ይቅርታ አድርግልኝ።»

መስኮቱን አየ። ወልቆ የቀረውን ጎማ ከኪሱ አወጣ፣ አገላበጠው።

«መኪናዬንስ ማን ይሠራታል?»

«እኔ እሞክራለሁ።»

«አንቺ አትችይም» አለኝና ፊቱን ደረቴ ላይ ቀብሮ አለቀሰ።

እውነቱን ነው፣ አልችልም። እሱ ሲያለቅስ መኪናዋን ከጭኑ ላይ እንዳትወድቅ አነሳኋትና፣ ከቦርሳዬ የአባቴን ብሎን መፍቻ አወጣሁ።